የቤትና የቦታ ግብር ወረቀታችንን እናንብብ

የግብር ጊዜ ሲደርስ የሲቀላ ሰው ሣጥኑን ይከፍታል። ከሣጥኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ያምናው ደረሰኝ ነው። እሱን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። ወረፋ ይይዛል። ተራው ሲደርስ ወረቀቱን በመስኮት ይሰጣል። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሰው አንድ ቁጥር ይነግረዋል። እሱም ብሩን ቆጥሮ ይከፍላል። አዲስ ወረቀት ይቀበላል፤ አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ምን ከፍለህ መጣህ?» ቢሉት፣ «የቀበሌ ብር» ይላል። «ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ቢሉት፣ «እኔ ምን አውቄ፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሰው የተጻፈ ነው። ፊደል ቆጥራችኋል። መደመርና ማባዛት ለምዳችኋል። እንግዲህ ያንን ወረቀት ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። በላዩ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው። ሒሳቡም ከገበያ ሒሳብ አይከብድም። በገበያ አንድ ብር ሲጎድልባችሁ ታውቁ የለም እንዴ!

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። እኛ ሁሉንም «የቀበሌ ብር» እንላለን። ነገር ግን የተለያዩ ገንዘቦች ናቸው።

አንደኛው የቦታ ኪራይ ነው። ሁለተኛው የቤት ግብር ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚከፈሉ ሰው «የጣሪያና ግድግዳ» ይላቸዋል። ሦስተኛው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ቆሻሻ ሲነሣ፣ ካርታ ሲወጣ፣ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ስም ሲዛወር የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ ውስጥ ይገባል። አራተኛው መዋጮ ነው። መዋጮ ሰዎች ተሰብስበው፣ ተነጋግረው፣ ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት የሚያወጡት ነው። የውኃና የመብራት ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ በቆጣሪ ይነበባል፤ በተጠቀምነው ልክ ይከፈላል።

ይህን መለየት ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። ግብር በሕግ የተጣለ ነው፤ አልከፍልም ቢሉት ውዝፍ ይሆናል። የአገልግሎት ክፍያ አገልግሎቱን ላገኘ ሰው ነው፤ አገልግሎቱ ካልተሰጠ «የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መዋጮ ደግሞ በፈቃድ ነው። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «ብር አምጡ» ቢላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከአራቱ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ለምን ለቦታው «ኪራይ»፣ ለቤቱ ግን «ግብር» ተባለ? በክፍላችን ይህን ጥያቄ ያነሡት አንድ አባት ናቸው። «በገዛ ግቢዬ እኔ ተከራይ ነኝ እንዴ?» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ቁም ነገር ነው።

መልሱ ያለው በ1967 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አዋጁ በከተማ ያለውን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለው ሰው ትርፍ ቤቱ ተወረሰ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጡ። እስከ ዛሬ «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 80 ተከተለ። ስሙ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታው የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ በቦታው የሚጠቀም ሰው ኪራይ ይከፍላል። ቤቱ ግን የሠራው ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለቤቱ ግብር ይከፍላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ነገር አለ ማለት ነው፤ ከእግራችሁ በታች ያለው መሬትና ከራሳችሁ በላይ ያለው ጣሪያ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም ብሏል። እኚያ አባት ይህን ሰምተው «እህ፣ ለካ ነገሩ እንዲህ ነው!» አሉ። ደስ ግን አላላቸውም። ደስ ባይላቸውም ገብቷቸዋል።

በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው የቤት ግብር አይከፍልም፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ከግለሰብ ቤት የተከራየ ሰውም የቤት ግብር የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ቤቱን ያከራየ ባለቤት ከቤት ግብሩ ሌላ የኪራይ ገቢ ግብርም አለበት። ይህ ካገኘው ኪራይ ላይ የሚከፈል ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ አንዱን ብቻ የሚከፍል ሰው ኋላ ይደነግጣል። በሊዝ ቦታ የያዘ ሰው ደግሞ ሒሳቡ በሊዝ ውሉ ላይ የተጻፈ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ በመጀመሪያ ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ 10 የማያንስ ይከፈል፤ የቀረው በየዓመቱ ይከፈል አለ። በሊዝ የያዛችሁ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። እኛ እዚህ የምንናገረው ስለ ነባር ይዞታ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ።

የቦታ ኪራይ በሁለት ነገር ይሰላል። አንዱ የቦታው ስፋት ነው። ሌላው የቦታው ደረጃ ነው። ስፋት በካሬ ሜትር ይለካል። ርዝመቱን በወርዱ ታባዛላችሁ። ግቢያችሁ በአንድ በኩል 20 ሜትር፣ በሌላ በኩል 10 ሜትር ቢሆን፣ 20 ጊዜ 10 ይሆናል 200። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። ደረጃ ማለት ደግሞ ቦታው የሚገኝበት ሠፈር ነው። በዋና መንገድና በገበያ ዳር ያለ ቦታ ደረጃው ከፍ ይላል። ከመንገድ የራቀ ቦታ ደረጃው ዝቅ ይላል። በደረጃው መሠረት ለአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ይወጣል።

ለምሳሌ ያህል ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሳንቲም ነው እንበል። ይህ የእናንተ ዋጋ አይደለም፤ ለትምህርት ያመጣነው ነው። 200 ካሬ ሜትር ጊዜ 50 ሳንቲም 100 ብር ይሆናል። የቦታው ኪራይ በዓመት 100 ብር ነው።

የቤት ግብርስ? በ1968ቱ አዋጅ የቤት ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ሊያወጣ ይችላል ተብሎ በተገመተው ገንዘብ ነው። ልብ በሉ፤ ቤቱን ባታከራዩትም ይገመታል። የግብሩ ልክ ከመቶ 1 ይጀምርና ግምቱ ከፍ ሲል እስከ ከመቶ 4 ተኩል ይደርሳል። ቤቱ በዓመት 600 ብር ይገመታል እንበል። ግብሩ ከመቶ 1 ከሆነ፣ ከ100 ብር 1 ብር ማለት ነው። ከ600 ብር 6 ብር ይሆናል።

100 ብርና 6 ብር 106 ብር ነው። በቃ። ወረቀቱ ላይ ያለው ምሥጢር ይኸው ነው።

አንዳንዱ ሰው «በዛሬ ዘመን 6 ብር ግብር አለ እንዴ?» ይላል። ልክ ነው። በ1968 ዓ.ም. 50 ብር በወር የሚከፈልበት ቤት ደኅና ቤት ነበር። ኑሮው ተለወጠ፤ ግምቱ ግን በብዙ ከተሞች ለረጅም ዘመን ባለበት ቆየ። ይህ ለከፋዩ ጥሩ ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ግምቱ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ነው። አዲስ አበባን ተመልከቱ። የከተማው አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግምቱን ከፍ አደረገ። ብዙ ሰው ደነገጠ። በየቤቱና በየሚኒባሱ ወሬው «የጣሪያና ግድግዳ» ሆነ። በየጥቂት ዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢታደስ ኖሮ ሰው ባልደነገጠም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቤት ያለው ሁሉ ለአካባቢው ምክር ቤት ይከፍላል። እዚያ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ተከራዩም ይከፍላል። ቤቶች በዋጋቸው በስምንት ደረጃ ይመደባሉ። ዋጋው የሚታየው ግን የዛሬው አይደለም፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1991 የነበረው ነው። ትናንት የተሠራ አዲስ ቤት እንኳ «በ1991 ቢሆን ስንት ያወጣ ነበር?» ተብሎ ይመደባል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሀብታምም ድሃም በነፍስ ወከፍ ይክፈል የሚል ሕግ አውጥተው ነበር። ሕዝቡ አልቀበልም አለ። በ1990 በለንደን ትልቅ ሁከት ሆነ። ሕጉም ተሻረ፤ በ1993 የዛሬው መጣ። የሠለጠነ የሚባለው አገርም በቤት ግብር ይጨቃጨቃል ማለት ነው።

በአገራችን በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ አዋጅ የ1968ቱን አሠራር ለመተካት የወጣ ነው። ትልቁ ለውጥ ምንድን ነው? አሮጌው የሚያየው ቤቱ ሊያስገኝ የሚችለውን የዓመት ኪራይ ነበር። አዲሱ ግን የሚያየው የቤቱንና የቦታውን ዋጋ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ «ግምት» የሚለው ቃል ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልገናል። ወረቀታችሁ ላይ ግምቱ የኪራይ ነው ወይስ የዋጋ? የተሠራው በየትኛው ሕግ ነው? በመስኮቱ ፊት ቆማችሁ ይህን ጠይቁ። መጠየቅ ጠብ አይደለም።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪያችን ላውጋችሁ። ስማቸውን አልናገርም፤ እንዳወራው ግን ፈቅደውልኛል። ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ማንበብ ስለማይችሉ ወረፋውም ስለሚያደክማቸው፣ «እኔ ልክፈልልዎ» ለሚል ሰው በየዓመቱ ብሩን ይሰጡ ነበር። ሰውየው ወረቀት ያመጣላቸዋል። እሳቸውም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አንድ ማታ ስለ ቁጥር ስንማር፣ «ቁጥር ያለበት ወረቀት ከቤት ይዛችሁ ኑ» ብዬ ነበር። እሳቸው ሦስቱን ደረሰኞች አመጡ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ና እስቲ እየው። ይሄና ይሄ አንድ ቁጥር ነው» አሉኝ።

አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነው። የደረሰኙ ቁጥር አንድ ነው። ሦስቱም የአንድ ደረሰኝ ናቸው። አንዱ ዋናው ነው፤ ሁለቱ በፎቶ ኮፒ የተባዙ ናቸው። ሰውየው የከፈለው የአንዱን ዓመት ብቻ ነበር። የሁለቱን ዓመት ብር በልቶታል።

«እማማ፣ ውዝፍ ሳይኖርብዎ አይቀርም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «የስንት ቀን ፈትል ነው የበላው?» አሉ።

በማግሥቱ ራሳቸው ሄዱ። አብሬዎት ልሂድ ስላቸው እምቢ አሉ። «ማንበቡን ያስተማርከኝ ብቻዬን እንድሄድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የሁለት ዓመት ውዝፍና ቅጣት ተነገራቸው። ውዝፍ ማለት ሳይከፈል የቆየ ገንዘብ ነው። ቅጣት ደግሞ በመዘግየቱ የሚጨመር ነው። ሁለቱ በወረቀቱ ላይ በተለያየ መስመር ይጻፋሉ። እሳቸውም መስመር በመስመር አንብበው፣ ደምረው፣ ልክ መሆኑን አዩ። ብሩን ለመክፈል ሁለት ወር ፈጀባቸው። ያ ሰው ብሩን አልመለሰም። አሁን ግን በመንገድ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

እንግዲህ ደረሰኝ ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። መጀመሪያ ስም ነው። በስማችሁ ነው ወይስ በሌላ ሰው? ቀጥሎ የቤት ቁጥርና ቀበሌ። ቀጥሎ የክፍያው ምክንያት፤ ቦታ ኪራይ ይላል? ቤት ግብር ይላል? ወይስ ሌላ? ቀጥሎ ገንዘቡ። በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። 106 ብር ከሆነ «አንድ መቶ ስድስት» ተብሎ መጻፍ አለበት። ከዚያ የደረሰኙ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ። በባንክ ወይም በስልክ የምትከፍሉም ብትሆኑ ማረጋገጫው ይህንኑ ይናገራል፤ አትማችሁ ወይም ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ዓመቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በመስከረም አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ስለዚህ የ2018 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ ወር የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ «የ2018» የሚል ብታዩ ስሕተት አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ይጨቃጨቃል።

ካሬ ሜትሩም ይታይ። ቦታችሁን በገመድና በሜትር ለኩት። በካርታው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካርታው 200 እያለ ወረቀቱ 250 ካለ፣ በየዓመቱ የሌላችሁን 50 ካሬ ሜትር ኪራይ ትከፍላላችሁ። እንዲህ ሲሆን በቃል ብቻ አትናገሩ። ማመልከቻ ጻፉ። ቀን፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ «ስፋቱ በካርታዬ ላይ ይህን ያህል ነው፤ በግብር ወረቀቴ ላይ ግን ይህን ያህል ተጽፏል፤ ተለክቶ እንዲስተካከልልኝ» በሉ። ፈርሙ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርገው ቁጥሩን ተቀበሉ። የተነገረ ነገር ይረሳል፤ ገቢ የሆነ ወረቀት ግን ቁጥር አለው።

ሌላ አንድ ነገር አለ። «በየዓመቱ እገብራለሁ፤ ስለዚህ ቤቱ የእኔ ነው» የሚሉ አሉ። ግብር መክፈል ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ባለይዞታ መሆንን የሚያሳየው የይዞታ ማረጋገጫው ነው፤ ካርታ የምንለው። ደረሰኝ ረዳት ማስረጃ ነው። የሞተ ሰው ስም በካርታው ላይ ካለ፣ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ስም ማዛወር አለባቸው። ይህን «ነገ፣ ነገ» እያሉ የሚያቆዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጆች ሲያድጉ፣ አንዱ ቤቱ ይሸጥ ሲል፣ ሌላው አይሸጥም ሲል፣ ጉዳዩ ይከብዳል። ያቺ ጥጥ ፈታይ እናት አሁን የጀመሩት ይህንኑ ነው።

የከፈልነው ብር የት ይገባል? ይህም የእኛ ጥያቄ ነው። ማዘጋጃ ቤት ከሚሰበስበው ገንዘብ የውስጥ መንገድ ይሠራል፤ የጎርፍ ቦይ ይጠርጋል፤ ቆሻሻ ያስነሣል፤ የመንገድ መብራት ያስገባል። አርባ ምንጭ ሁለት ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ሴቻ ከላይ ነው፤ ሲቀላ ከታች ነው። ዝናብ ሲጥል ለታችኛው ሠፈር ቦይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሲቀላ ሰው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።

በጋሞ ዱቡሻ አለ። ሽማግሌውም ወጣቱም በዱቡሻ ተቀምጦ ስለ አገሩ ጉዳይ ይነጋገራል። ከጨንጫና ከዶርዜ ወርዳችሁ ሲቀላ የገባችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የክፍለ ከተማና የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራም ጥያቄው ይቅረብ። «ካቻምና ስንት ተሰበሰበ? ስንቱ ለቦይ ወጣ?» በሉ። ቁጥሩ ሲነገር በደብተራችሁ ጻፉት። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

መልመጃ። የአንድ ሰው ግቢ ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ኪራዩ 50 ሳንቲም ነው። ቤቱ በዓመት 600 ብር ይገመታል፤ ግብሩ ከመቶ 1 ነው። ያለፈው ዓመት ውዝፍ 96 ብር አለበት። ቅጣቱን ለጊዜው ተዉት። ዛሬ ስንት ብር ይዞ ይሂድ? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ 192 ብር። በሚቀጥለው ክፍል ያምናውን ደረሰኝና ካርታውን ይዛችሁ ኑ። ካርታ የሌለው ሰው ደረሰኙን ብቻ ያምጣ።